የጀልባዋ ምድጃ

ወርቁ ያን ሰኞ ሸዋ ሮቢት የወረደው ለወጉ ምድጃ ሊመርጥ ነበር፤ በልቡ ግን ሷሊሕን ሊያስርብ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ከቀወት ተነስቶ መንገዱን ሁሉ ሲያመነዥከው የመጣው ሐሳብ ግን ይኸው ነው። በስድስት ዓመት ክስ ሰው ብዙ ነገር ሊማር ይችላል፤ ወርቁ የተማረው ባላጋራው ጠግቦ ባደረ ቁጥር እንቅልፍ ማጣትን ብቻ ነበር።

የሚካሰሱት በሮቢ ወንዝ ውሃ ነው። ወርቁ ከወንዙ ወዲህ፣ ሷሊሕ ከወንዙ ወዲያ ያርሳሉ። በጋ በመጣ ቁጥር አንዱ የቀደደውን ቦይ ሌላው ዞር ሲልለት ይደፍነዋል። በዱላ ተፈናክተዋል፤ ደብረ ሲና ድረስ እየወጡ ተካሰዋል፤ ዳኛውም ሰልችቷቸዋል። ነገሩ እንደተንጠለጠለ፣ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ አንድ መሐንዲስ ትንሽ የብረት ጀልባ በጭነት መኪና አስጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። ወንዙ ከታች የሚንጣለልበትን ረግረግ በጀልባ እየዞረ ስንት ውሃ በከንቱ እንደሚቀር ሊለካ፣ ከዚያም ወደ ላይ ወጥቶ ትልቁ ቦይ የሚጠለፍበት ቦታ ላይ ችካል ሊተክል ነው። ችካሉ ወዲህ ከተመታ የወርቁ ሰፈር ይጠጣል፤ ወዲያ ከተመታ የነሷሊሕ። ሰዉ እንዳይጣላ ብሎ መሐንዲሱ ከየዳሩ አንድ አንድ ሰው ቀጠረ። እንዳይጣላ! ውሃ መለካት የተማረ ሁሉ ሰው መለካት የሚችል ይመስለዋል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወርቁን ቃል አስገብተው ነው የላኩት። ችካሉ እስኪመታ ድረስ ከመሐንዲሱ ጎን ንቅንቅ እንዳይል፣ ክረምት ጎርፍ የማይነካውን ቦታ በጣቱ እንዲያሳየው። ሚስቱ አስካለ ደግሞ ስንቁን እየቋጠረች፣ "ያ ሰው ከመሐንዲሱ ጋር አንዲት ቀን ብቻውን ከዋለ፣ ልጆቼ ከርሞ የሚያጭዱት አቧራ ነው" ብላዋለች። ወዲያ ማዶም ለሷሊሕ ይህንኑ እንዳሉት መገመት ጠቢብ መሆንን አይጠይቅም።

ረግረጉ ውስጥ ሃያ ቀን እሳት የሚነድበት ደረቅ መሬት አይገኝም። ምግብ የሚበስለው እዚያው ጀልባዋ ላይ ነው። ጀልባዋ ደግሞ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ከተኛባት ለድመት እንኳ ቦታ አይተርፋትም።

"አንድ ምድጃ ብቻ፤ ሁለታችሁም የምትስማሙበትን" አለ መሐንዲሱ። "ሥጋ አንይዝም፣ ዓሣ ነው የምንበላው። ዓሣ አይታረድ፣ አይባረክ፤ ማንንም አይከለክልም።"

ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊምም የክርስቲያን። ሥጋው ያረፈበት ዕቃም እንደ ሥጋው ነው። መሐንዲሱ ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ዓሣ ካለ ያበቃለት መስሎት ነው። ወርቁ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያስበው ምድጃውን እንዴት የራሱ እንደሚያደርገው ነበር።

አስፋልቱ ዳር ጣይባ የሸክላ ምድጃ ደርድራ ትሸጣለች፤ አጠገቧ ሁሴን በርሜል እየቆረጠ የብረት ምድጃ ይቀጠቅጣል። ወርቁ ቀጥ ብሎ ወደ ሸክላው ሄደ። ሸክላ ቅባት ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ አይተፋም። ጎንበስ ብሎ አንዱን በጆሮው ሲይዝ፣ በሌላኛው ጆሮ በኩል የሷሊሕን እጅ አገኘው። ያም ሰው ይህንኑ አስቧል ማለት ነው። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ወርቁንም እንደዚያ ያናደደው ነገር አልነበረም።

"ልቀቅ!" አለው።

"አንተ ልቀቅ! እኔ ቀድሜ ነው የያዝኩት" አለ ሷሊሕ።

"ሁለታችሁም ልቀቁልኝ፤ ዕቃዬን ልትሰብሩብኝ ነው!" አለች ጣይባ።

መሐንዲሱ ሸክላውን በእግሩ ገፋ አደረገው። "ይሄ ጀልባ ስትወዛወዝ የሚሰበር ነው" አለና ወደ ሁሴን ዞረ። ሁሴንም ባለሦስት እግር ምድጃ አቀረበለት። መሐንዲሱ አንድ ረጅም ሳንቃ ድንጋይ ላይ አስጋደመ፣ ምድጃውን ፍም እንደያዘ መሐሉ ላይ አስቀመጠና ሁለቱን ሰዎች በሁለቱ ጫፍ አቆማቸው። "በሉ፣ እንደ ውሃ አወዛውዙት።"

እንደ ውሃ አላወዛወዙትም፤ እንደ ጠላት ነው የናጡት። ወርቁ ሳንቃውን የሚጫነው የሷሊሕን አገጭ በሌላው ጫፍ ለማግኘት ነበር፤ ሷሊሕም እንደዚያው። ባለሦስት እግሩ ወዲያው ተገለበጠ፤ ፍሙ ተበትኖ የሁሴንን ቁምጣ አቃጠለው። ሁለተኛው ባለአራት እግር ነበር፤ ዳሩ አጭር ስለሆነ ከሰሉን ተፋው። መሐንዲሱ "ይሄ የቤንዚን ጀሪካን አጠገብ የሚቀመጥ ነው፤ ልታቃጥሉኝ ነው ወይ?" ብሎ ጣለው። ሦስተኛው እግሩ አጭርና ወፍራም፣ ዳሩ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ከታቹ የአመድ ሣጥን ያለው፣ ላዩ ላይ በሽቦ የሚታሰር ፍርግርግ ያለው ነበር። ናጡት፣ ናጡት፤ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ናጡት። አንዲት ፍም አልወደቀችም።

"የእናንተን ተንኮል ከቻለ ውሃውንም ይችላል" አለ መሐንዲሱ። ማን ይዞት ይደር በሚለው ሌላ ጠብ ሲነሳ፣ "ነገ ጠዋት እስክንሳፈር ሁሴን ጋ ይቆይ" ብሎ ገላገላቸው።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ወርቁ ከክርስቲያን ልኳንዳ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከነጮማው አስቆርጦ ሁሴን በር ላይ ተገኘ።

"ምድጃውን ላሟሸው ነው" አለው። አዲስ ዕቃ በቅባት ካልተሟሸ ለሥራ አይሆንምና ሰበቡ እንከን የለውም።

ሁሴን ዓይኑን እያሻሸ አየው። "ማሟሸቱ እንኳ... ጋሼ ወርቁ፣ አንቱ እርግጠኛ ነዎት?"

"ከሰል አምጣ ስልህ!"

ሁሴን ትከሻውን ነቀነቀና ከሰሉን አቀጣጠለ። ፍርግርጉ ላይ ጠቆር ያለ የቅባት ነጠብጣብ ነበር፤ ወርቁ የቀጥቃጭ ዘይት ነው ብሎ አለፈው። አማትቦ ሥጋውን ደረደረ። ጮማው እየተንጫጫ ወደ ፍሙ ሲንጠባጠብ ልቡ ቅቤ ጠጣ። በቁሙ፣ መንገደኛ እያየው፣ አንዲት ጉርሻ ሳያስተርፍ በላና ጣቱን ላሰ። እንዲህ የጣፈጠው ሥጋ በሠርጉም ቀን አልበላም።

ዜናውን ለሷሊሕ የነገረው ጀልባዋ ረግረጉ መሐል ከገባች በኋላ ነው፤ መመለሻ በሌለበት። አመሻሽ ላይ መሐንዲሱ ሦስት ቆሮሶ ዓሣ አጥምዶ ሲያበቃ፣ ወርቁ አንዱን ለራሱ አንስቶ፣ "ሷሊሕ፣ አንተ እንኳ ቆሎህን ብትቆረጥም ይሻልሃል። ምድጃውን ዛሬ ጠዋት በኛ ሥጋ አሟሽቼዋለሁ" አለው።

ሷሊሕ አልደነገጠም። ወርቁን ረጋ ብሎ አየውና ሳቀ።

"ዛሬ ጠዋት ነው ያልከኝ? እኔ ትናንት ከመግሪብ ሶላት በፊት አሟሽቼው አድሬአለሁ። ቢስሚላህ ተብሎ በታረደ ፍየል። ሁሴን አልነገረህም? ለመሆኑ በላህበት እንዴ?"

ወርቁን ያቺ ጠቆር ያለች ነጠብጣብ ትዝ አለችው። ጣቱን መላሱም ትዝ አለው። የያዘውን ዓሣ ባልዲው ውስጥ መልሶ ወረወረና ጀርባውን አዞረ። ሷሊሕም ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ምድጃው ዞሮ አየ፤ የኋለኛው ሥጋ እሱንም ከምድጃው እንዳስወጣው ያን ጊዜ ነው የገባው።

መሐንዲሱ ሁለቱንም እያፈራረቀ አየ። "ሰዎች፣ ብረት እኮ ነው። ፍም ላይ ሲግል አምሽቷል። እሳት ያለፈበት ብረት ላይ ምን ይቀራል?"

ወርቁ መልሱን ያውቀዋል። የነፍስ አባቱን አንድ ቀን ስለ ተዋሰው የብረት ድስት ጠይቋቸው፣ "እሳት ያለፈበት ብረት ንጹሕ ነው፣ ልጄ፤ ዕዳው ሸክላው ላይ ነው" ብለውታል። አፉን ሊከፍት ነበር። ቀና ሲል ሷሊሕ ባልዲው ውስጥ ያሉትን ዓሦች እያየ ምራቁን ሲውጥ አየው። ነጻ ከሆነ ለሁለቱም ነጻ ሊሆን ነው። ወርቁ አፉን ገጠመ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሃያ ቀን ሃያ ዓመት ነበር። መሐንዲሱ ማታ ማታ ዓሣውን ይጠብሳል፤ ጭሱ ጀልባዋን ሞልቶ ያልፋል። ወርቁ ወደ ፊት ዞሮ በሶውን በረግረግ ውሃ ይበጠብጣል፤ ሷሊሕ ወደ ኋላ ዞሮ የደረቀ የማሽላ ቂጣ ይቆረጥማል። በስምንተኛው ቀን የበሶው ከረጢት ውሃ ገብቶበት ሻገተ፤ ወርቁ ሻጋታውን እየጠረገ በላው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሷሊሕ ቂጣውን ጨርሶ ጥሬ ማሽላ ማኘክ ጀመረ። ወርቁ ሷሊሕ ሲያኝክ ጥርሱ የሚያሰማውን ድምፅ ይቆጥር ነበር፤ እያነሰ በሄደ ቁጥር ደስ ይለዋል። የራሱ ሱሪ ከወገቡ እየወረደ በገመድ እንዳሰረው ግን ልብ አላለውም። መሐንዲሱ ሁለት ጊዜ ለምኗቸዋል፤ አንዴም ተሳድቧል። በመጨረሻ ተዋቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን ጀልባዋ ደረቅ መሬት ነካች። ችካሉ የሚመታበት ቀን ነው። መሐንዲሱ መለኪያውን ትከሻው ላይ ሰቀለ፤ "ወንዙን ይዘን ሦስት ሰዓት ወደ ላይ እንሄዳለን። ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳየኝ ማነው?"

"እኔ!" አለ ወርቁ።

"እኔ ነኝ!" አለ ሷሊሕ።

ወርቁ ከጀልባዋ ወርዶ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። ዛፎቹ ዞሩበት፤ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ተንፏቆ ሲዞር ሷሊሕ ግራር ሥር ተንበርክኮ አረንጓዴ ነገር ያስመልሳል። ወርቁ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ አለው፤ እግዜር ያሳያችሁ! "ቢያንስ ብቻውን አይሄድም" አለ በልቡ።

እውነትም ሷሊሕ አልሄደም። ከማዶ አንድ ሰው በበቅሎ መጣ፤ ከሁለቱ ሰፈሮች በላይ ያለውን ሰፊ ማሳ የያዙት ፊታውራሪ ወኪል ነው። ጠግቦ ያደረ፣ ፊቱ የወዛ ሰውዬ ነበር። ከበቅሎው ወርዶ መሐንዲሱን እጅ ነሳ፤ "እኔ ላሳይዎት" አለና ይዞት ሄደ።

መሐንዲሱ የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ችካሉ ግን እጁ ላይ የለም።

"የት መቱት፣ ጌታው? ወዲህ ነው ወዲያ?" አለ ወርቁ በክርኑ ተደግፎ እየተነሳ።

"ወዲህም ወዲያም አይደለም። በፊታውራሪው መሬት ላይ ነው። ሰውየው ሌላው ቦታ ሁሉ በጎርፍ ይወሰዳል አለኝ።" መሐንዲሱ ዓይኑን አሸሸ። "ሌላ የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ እኮ። ምን ላድርግ?"

መሐንዲሱ ሁለት ቆሮሶ ፍርግርጉ ላይ ደረደረ፤ "እባካችሁ ብሉ" አለና ጭነቱን ሊያሳስር ወደ መኪናው ሄደ። ምድጃው መሐል፣ እነሱ ግራና ቀኝ ቀሩ።

ወርቁ ስለ አስካለ አሰበ። በምን አፉ እንደሚነግራት አሰበ። ወደ ሷሊሕ ሳያይ ተናገረ። "የነፍስ አባቴ እሳት ያለፈበት ብረት ንጹሕ ነው ብለውኝ ነበር።"

ሷሊሕ ፍሙን በጭራሮ ቆሰቆሰ።

"የኛም ሼክ እንደዚሁ ነው ያሉኝ" አለ። "ከመሳፈራችን በፊት ጠይቄያቸው ነበር።"

ዓሣው አንድ ጎኑ ቀልቶ ቆዳው መሰንጠቅ ጀመረ። ወርቁ ሷሊሕ እስኪዘረጋ ጠበቀ። ሷሊሕም እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ወርቁን ጠበቀ። ቆዳው ጠቆረ፤ ጭሱ መረረ። መሐንዲሱ ሲመለስ ሁለቱም ዓሦች ከሰል ሆነው ፍርግርጉ ላይ ተጣብቀው አገኛቸው።