ከራስጌ የነበረው መጽሐፍ

ሀረገወይን ከባዶው አልጋ ሥር፣ ሰሌን ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣለች። ከሰሌኑ ሥር የደበቀችው መጽሐፍ ጠርዙ ጭኗን ይወጋታል። መነሣት አትችልም፤ ሐዘንተኛ ናት። ግራና ቀኟን ከዳሪሙ የመጡ የባሏ ዘመዶች ይዘውታል፤ ትንሽ ፈቀቅ ብትል መጽሐፉ ብቅ ሊል ነው።

የባሏ ታላቅ ወንድም ጎንፋ፣ አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ያንኑ ይደግማል።

«እናታችን ዳዊት እየተነበበላት ነው ያረፈችው። በዓይኔ አይቻለሁ። ይቺ የወንድሜ ሚስት ከራስጌዋ ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ዘርግታ!»

«ታድላ!» ይላሉ ሴቶቹ ንፍሮ እየዘገኑ። «ምነው ለእኔም በሆነልኝ።»

«የማታ ትምህርት ስትሄድ እኔማ ‹ቄስ ልትሆን ነው?› እያልኩ እስቅባት ነበር» አለች አንዷ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«ይኸው ሆነችልሽ!»

ሀረገወይን አንገቷን ደፋች። ጎንፋ ከዳሪሙ የደረሰ ጠዋት ከበሩ ላይ ሆኖ ያየው ዳዊት አልነበረም። ልጇ ዓያንቱ ከትምህርት ቤት ተውሳ ያመጣችው የሥዕል መጽሐፍ ነበር። የሰው ንብረት ነው፣ ዝናብና ጥላሸት ያበላሽብናል ብላ ስለ ፈራች፣ ከአሮጌ ነጠላ ቀድዳ ልባስ ሰፍታለት ነበር። ነጭ ልባስ ያለው መጽሐፍ ከሕመምተኛ ራስጌ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ከቀብር መልስ ባሏን ደበሳን ጓዳ ጠርታው ነበር። «ለጋሼ ጎንፋ እውነቱን ንገራቸው» ብትለው ፊቱን አዞረ።

«ዝም በይ። ካገባሁሽ ጀምሮ ይህን ደጃፍ ረግጦ ያውቃል? ዛሬ ‹የወንድሜ ሚስት› አለሽ። የልጅ መጫወቻ ይዛ በእናታችን ጣር ቀለደች እንዲል ነው የምትፈልጊው?»

«አንብቢ ቢሉኝስ?»

«ሐዘንተኛን ማን አንብቢ ይላል?»

ሟቿ ኡርጌም ደጃፉን ረግጣ አታውቅም ነበር። ለገበያ መቱ ስትወርድ ቅቤዋን ሸጣ፣ ልጇን ከሚሠራበት የቡና መጋዘን በር አስጠርታ ትስመውና ትመለሳለች። «የሰው አገር ሰው ቤት ምን አለኝ» ትል ነበር አሉ። የገባችው ሳንባዋን ታማ፣ በቃሬዛ ነው። ገብታም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሀረገወይን የምታውቀው ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ስንት ነው፣ ጨምሪልኝ፣ ደኅና ዋዪ። በዚህ ቋንቋ የታመመ ሰው እንዴት ይጽናናል?

የአሮጊቷን ፊት የመለሰው ያ መጽሐፍ ነው። ሀረገወይን የማታውን ትምህርት ልታጠና፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ፊደል በፊደል ስትለቅም ኡርጌ ዞር አለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምድር እንደ ሎሚ ድቡልቡል ብላ ተሥላለች። ከዚያ በኋላ በየገጹ የየአገሩ ልጆች አሉ፤ ፀጉሩ እንደ በቆሎ ጭራ የነጣ፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ፣ እንደ ዓያንቱ የጠየመች፣ በበረዶ መካከል ጠጉራም ካባ ለብሳ የቆመች። ኡርጌ ደረቷን ካሻሸችበት ቅቤ የወዛ ጣቷን በበረዶዋ ልጅ ፊት ላይ አሳረፈች።

«ሃቲ ኢሼ ኤሳ?»

እናቷ የታለች? ይህንንስ ሀረገወይን ታውቀዋለች። ብቻዋን የቆመች ልጅ ባየች ቁጥር በራሷም ሆድ የሚመላለስ ጥያቄ ነው። ከልጅቱ ጀርባ ያለችውን ጎጆ በጣቷ አሳየቻት። «እዚያ ውስጥ ናት።» አሮጊቷ እፎይ አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ይህ ሆነ። ጎጆ ካልተሣለ እናትየው ውኃ ወርዳለች፤ ውኃ ከሌለ ገበያ ሄዳለች። «ይህን ታህል ልጅ ጥላ ገበያ!» ብላ ኡርጌ ትቆጣለች፤ ሀረገወይንም ትስማማለች። ልጆቹ ሁሉ እናት ሲያገኙ፣ አሮጊቷ ጣቷን ወደ እሷ አዞረች።

«ያንቺስ?»

ሀረገወይን እናቷን ጎሬ ከተማ የቀበረችው በልጅነቷ ነው። የለችም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ኡርጌ እጇን ስባ አጥንት ብቻ በቀረው ደረቷ ላይ አሳረፈችው።

«አንቺ ሀረገወይን» አለ ጎንፋ፤ ከሐሳቧ ባነነች። ዳስ ውስጥ የነበሩት ወንዶችም ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። «ዛሬ ሣልስቷ ነው። ከዚያው ዳዊት አንድ አንብቢልን።»

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል...»

«በቀስታ አንብቢ። ማንም አይቸኩልም።»

ደበሳን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። መጽሐፉን ከሰሌኑ ሥር አወጣችና ወደ ራሷ አዙራ ገለጠችው። አንድ መዝሙር በቃሏ ታውቃለች፤ እሱን ብትወጣው ማን ያውቅባታል? ከተሰበሰበው ሰው ፊደል የሚያውቅ ደበሳ ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር እረኛዬ...» አለችና ቆመች። የተገለጠው ገጽ የበረዶዋ ልጅ ነው። የኡርጌ ጣት ያረፈበት ጉንጯ ላይ ቅቤው ወዝቷል። መዝሙሩን ተወችው። ጣቷን ከጽሑፉ ሥር አድርጋ፣ እንደ ማታ ተማሪ፣ አንድ በአንድ አነበበች።

«ይቺ... ልጅ... በበረዶ አገር... ትኖራለች። ምድር... የእርሷም... ቤት ናት።»

ጎንፋ ግንባሩን ቋጠረ። «ይህ ስንተኛው መዝሙር ነው?»

«መዝሙር አይደለም ጋሼ። የዓያንቱ የሥዕል መጽሐፍ ነው። ያነበብኩላቸውም ይህንኑ ነው።»

ንፍሮ የዘገነች እጅ ከአፍ ሳትደርስ ቀረች።

«የልጅ ሥዕል!» አለ ጎንፋ ዱላውን ከግድግዳው እያነሣ። «እናቴ ስታጣጥር የልጅ ሥዕል!» ሰዉን ከፍሎ ወደ በሩ ሄደ። ደጅ ዝናቡ ይወርዳል። መድረኩ ላይ ሲደርስ ግን ከኋላው ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

የኡርጌ ታላቅ እህት ተጂቱ በእንብርክኳ እየመጣች ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ መጽሐፉን ከሀረገወይን እጅ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ወዙን አሸተተችው።

«ኡርጌ» አለች።

ከዚያ ጣቷን እዚያው እህቷ የነካችው ቦታ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን የቆመችውን ልጅ ቀረብ ብላ አየቻት።

«ሃቲ ኢሼ ኤሳ?»

ሀረገወይን ለመመለስ አፏን ከፈተች። ጎጆዋ እዚያው ከልጅቱ ጀርባ አለች። ጣቷ ግን ወደዚያ አልሄደም። ክንዷን ወደ ኋላዋ ዘርግታ፣ የባዶው አልጋ ጀንዲ ኡርጌ ተኝታበት ጎድጎድ ባለበት ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች።