በየዓርቡ ሁለት ሥዕል

ሩሽዲ የነቃው ግንባሩ ሰማይ ላይ ተጣብቆ ነው። ሰማዩ ገና አልደረቀም ነበር። ቀና ሲል የመምህሩ የኡስታዝ ወጊህ ሥዕል ግማሹ ከወረቀቱ ተነሥቶ እሱ ፊት ላይ ሰፍሯል፤ ደመናው ቅንድቡ ላይ፣ ሰማያዊው ጆሮው ላይ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ሰገነት የከብት መጠጫ ጭቃ መስሏል።

ሚስቱ ኢግላል ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው።

"ቁርስህን በላኸው ወይስ ተቀባኸው?"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ሁለት ሰዓት አልፏል።"

"አለቀልኝ!" አለ ሩሽዲ፤ ብሩሹን ከመደንገጡ የተነሣ ሻዩ ውስጥ ነከረው።

ደከመኝ ባይ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ሩሽዲን ያየ ግን ሁለተኛ ደከመኝ አይልም። ሰውየው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። እስክንድርያ ውስጥ አሳንሰሩ የሚሠራ ሕንፃ ካለ ለእሱ ክልል አልደረሰውም። በሠላሳ ዓመት የወጣው ደረጃ ቢቀጣጠል ጨረቃ ላይ አድርሶ፣ እዚያም ቆጣሪ አስነብቦ ይመልሰዋል። ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚሰማው ድምፅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ድመት ያስበረግጋል። ይህ ሁሉ ግን የቀን ሥራ ነው፤ ሰው ይለምደዋል። ሩሽዲን ከሥሩ የነቀለው ሌላው ሥራ ነው፦ ሁለት ሰው ሆኖ መሳል።

ዓርብ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች በአንፉሺ የባሕር ግንብ ላይ ይሰበሰባሉ። የሳምንቱን ሥዕላቸውን ግንቡ ላይ ደርድረው፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ከሥሩ ደግሞ በልብስ መቆንጠጫ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያንጠለጥላሉ። ቁራጯ ላይ ሠዓሊው በሁለት በሦስት መስመር ከሆዱ ያለውን ይጽፋል። ያለ ቁራጭ የመጣ ሥዕል ራቁቱን እንደመጣ ይቆጠራል። ከዚያ አንድ በአንድ ይነበባል፤ ይመሰገናል፤ ይታማል።

የዚህ ማኅበር አባት ኡስታዝ ወጊህ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሥዕል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ አስተምረው ተስፋ ቆርጠውበታል። ሩሽዲን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የመጀመሪያውን የቀለም ሳጥን የሰጡትም እሳቸው። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ነገሩን ለሩሽዲ ብቻ ነገሩት።

"ለአንዲት ዓርብ ብቻ ልጄ፣ እጄ እስኪረጋ" አሉት።

አንዲቷ ዓርብ ወለደች፣ ተዋለደች፤ ይኸው ስልሳ ደረሰች። እጃቸው አልረጋም። ኡስታዝ የሚኖሩት በግል በሚያስተምሯቸው አራት ልጆች ነው፤ በአፋቸው ያርማሉ፣ በዐይናቸው ይቆጣሉ። የእጃቸው ነገር ከተሰማ ወላጆቹ በማግስቱ ልጆቻቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሩሽዲ በየሳምንቱ አስቀድሞ የኡስታዝን ይስላል፤ ቀጥሎ በተረፈው ዐይን፣ በተረፈው ክንድ የራሱን ይለቀልቃል። ዓርብ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከኡስታዝ ሥዕል ፊት ይቆምና ወደ ሩሽዲ ዞሮ "ከእሳቸው ብትማር ምናለ?" ይለዋል። ስልሳ ጊዜ ተብሏል። ስልሳ ጊዜ "እውነት ነው" ብሏል።

የዚህ ሳምንት ርዕስ ሰገነት ነበር። ሩሽዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የኡስታዝን ተራ ሰረቀ፤ ከራሱ ሥዕል ጀመረ። አራት ቀን ሙሉ ከሥራ መልስ የእናቱን የባሕሪ ሰፈር ሰገነት ሳለ። እንዲያ ያለ ሰገነት እስክንድርያ ከተቆረቆረች ወዲህ አልተሳለም ብል አላጋነንኩም። የብረት አጥሩ ዝገት በጣት ቢነካ ያቆሽሻል፤ የተሰጣው አንሶላ ሲያዩት ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቁራጯንም ጽፎ ሥዕሉ ላይ ቆንጥጦ አስቀመጠ። የኡስታዝን ለዓርብ ማለዳ አሳደረው፤ ዓርብ ማለዳ ደግሞ ተኛበት።

አሁን ጭቃውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ የእናቱን ሰገነት አየ። እርሳስ አንሥቶ ጥጉ ላይ "ወጊህ" ብሎ ጻፈበት።

ኢግላል ከትከሻው በላይ አየችና "ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?" አለች። "ይሄ እኮ የእናትህ ነው!"

"ሌላ የለም።"

"ዛሬ እኮ ለባህል ቤቱ ፖስተር አንድ ሥዕል የሚመረጥበት ቀን ነው። በከተማው ሁሉ ሊለጠፍ! አንዴ እንኳ ያንተ ቢሆን ሰማይ ይወድቃል?"

"ባዶ እጃቸውን ቢመጡ ነገ ይጠየቃሉ። 'እስኪ እዚሁ ይሳሉልን' የሚል ወሬኛ አይጠፋም።"

"እሺ፣ እሳቸው አይጠየቁ። ስለ አንተስ ማን ይጠይቅ?"

ሩሽዲ በመስኮት አሻግሮ ያየውን የጎረቤት ሰገነት፣ ከነሚያንጠባጥበው የአየር ማቀዝቀዣ፣ በዐሥር ደቂቃ ለቅልቆ ጥጉ ላይ "ሩሽዲ" አለበት። በፀጉር ማድረቂያ ሲያደርቅ ስልኩ ጮኸ፤ ኡስታዝ እንደ ልማዳቸው የቁራጫቸውን ጽሑፍ በቃል ሊያስጽፉት ነው።

"ጻፍ፦ ጥላን አትፍሩ። ጥላ የብርሃን ታናሽ ወንድም ነው።"

"ጽፌያለሁ ኡስታዝ።"

"ሰገነቱ እንዴት ሆነልኝ?"

ሩሽዲ ዐይኑን ጨፈነ። "ከስልሳዎቹ ሁሉ የተሻለ።"

ቁራጯን ከነመቆንጠጫዋ እርጥቡ ሥዕል ላይ ለጥፎ፣ ሁለቱንም በብብቱ አድርጎ፣ ሰማያዊ ጆሮውን ይዞ ወደ ትራሙ በረረ። መብረር ስል እንደሱ ጉልበት ነው፤ ኤሊ ትቀድመዋለች። የቱ ቁራጭ ከየቱ ሥዕል ጋር እንደሄደ አንድም ጊዜ አልተመለከተም። ለሁለት ሰው ሲጽፍ የኖረ ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተ።

ግንቡ ላይ ሰው ሞልቷል። ኡስታዝ ወጊህ፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በግራቸው ሰላምታ ያድላሉ። አብላ ባሂጋ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀምረዋል፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ድምፃቸው ሲያነብቡ ወደብ ላይ ያለ መርከብ መልሕቅ ይነሣ የተባለ መስሎት ሞተር ያስነሣል።

"የሩሽዲ" አሉ አብላ ባሂጋ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ሽቅብ ቁልቁል አይተው። "'ጥላን አትፍሩ። ጥላ የብርሃን ታናሽ ወንድም ነው።'"

ሳቅ ግንቡን ዞረ። "ሩሽዲ ፈላስፋ ሆነልን!" አለ መድኃኒት ቀማሚው ዶክተር ሳሚህ። "ወንድሜ፣ ጥላው የታለ? እኔ የማየው የሚያንጠባጥብ ቱቦ ነው። ጆሮህንስ ምን ነካው፣ ባሕር ስታዳምጥ ነው?"

ሩሽዲ አልሳቀም። ቁራጮቹ መለዋወጣቸው ገባው። ቀጥሎ ያለውን ሥዕል ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ አብላ ባሂጋ ቀደሙት።

"የኡስታዝ ወጊህ" አሉና ዝም አሉ። ሃያ ሰው አብሯቸው ዝም አለ። ሥዕሉ ነው ዝም ያሰኛቸው። ከዚያ ቁራጯን አነበቡ፤ ድምፃቸው ወረደ፦

"'እናቴ ከዚህ ሰገነት ቅርጫት በገመድ ታወርድልኝ ነበር። እኔ ዳቦ ገዝቼ እሞላዋለሁ፤ እሷ ግን ባዶ አውርዳው አታውቅም። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ቀና እላለሁ።'"

አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ዶክተር ሳሚህ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

"ኡስታዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እርስዎ ደመንሁር ከተማ አጎትዎ ቤት አይደል ያደጉት? እናትዎ ሲወልዱዎት እንዳረፉ ራስዎ ነግረውናል።"

ኡስታዝ ወጊህ ቁራጯን አዩ። ከዚያ ሩሽዲን አዩ። ኪሳቸው ውስጥ እጃቸው እንደ ተያዘች ወፍ ተንፈራገጠች፤ ጨርቁ ይንቀጠቀጣል። ሩሽዲ አፉን ከፈተ። 'ተሳስቼ ነው፣ የኔ ነው' ቢል ሁሉም ያልቃል፤ ስልሳውም ዓርብ፣ አራቱም ልጆች።

ኡስታዝ ቀደሙት። "ሳሚህ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እናት ያለው ሰውማ ምን ብሎ ይስላታል? ሄዶ ይስማታል እንጂ። የሳልኩት ያልነበረችኝን ነው። ቅርጫቱንም፣ ገመዱንም፣ እሷንም ከራሴ አመጣኋቸው።"

አጨበጨቡ። የአንፉሺ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው እስኪዞሩ አጨበጨቡ። ዶክተር ሳሚህ ሄዶ የኡስታዝን ትከሻ ሳመ። አብላ ባሂጋ "በቃ፣ ፖስተሩ ተገኘ፤ ድምፅም አያስፈልገውም" ብለው ሥዕሉን ከድንጋዩ ሥር አወጡት።

ሩሽዲ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ሥዕሉን ሲሰጥ እንዲህ አላመመውም ነበር። አሁን ግን እናቱ ከነቅርጫቷ ያልነበረች ሆነች።

ኡስታዝ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። "ምን አደረግኸኝ ልጄ?"

"ተኛሁ ኡስታዝ። ሥዕልዎ ላይ ተኛሁ። ቁራጮቹም ተምታቱብኝ።"

"ሁሉም ዐይኑን ጣለብኝ፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። አትቀየመኝ።"

"አልቀየምም።"

"እናትህ ደግ ሴት ነበሩ። ሰላም ስላቸው ከላይ ብርቱካን ጥለውልኝ ያውቃሉ።" በግራ እጃቸው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። "የመጪው ሳምንት ርዕስ ጀልባ ነው። ሰማያዊ አታብዛብኝ፤ እኔ እንዲያ አላበዛም።"

ሩሽዲ ለመሳቅ ፈለገ፤ ሳቅ እንኳ አቅም ይጠይቃል። የመጪውን ዓርብ ቆጠረ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ወዲያ ያሉትን፤ አሳንሰር እንደሌለው ሕንፃ ጫፋቸው አይታይም።

አብላ ባሂጋ ሥዕሉን ገልብጠው ይዘው መጡ። ጀርባው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ሁለት መስመር ናት፦ "ርዕስ" እና "ሠዓሊ"።

"ለአታሚው ነው፤ እዚህ የተጻፈው ነው ፖስተሩ ላይ የሚወጣው። ኡስታዝ፣ በእጅዎ ይሙሉልን።"

"መነጽሬን ረሳሁ" አሉ ኡስታዝ። "ሩሽዲ ይጻፍልኝ።"

"ይጻፍ እንግዲህ" አሉ አብላ ባሂጋ ብዕሩን እየሰጡት። "ለአንድ ቀን እንኳ ከጥሩ ሥዕል ጋር እጅህ ይነካካ።"

ሩሽዲ ብዕሩን ተቀበለ። ባሕሪ ሰፈር ያደገ ወንድ የእናቱን ስም አደባባይ ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያስወጣ ይመርጣል። ልጅ ሆኖ አንድ ሰው ስሟን ቢሰማ ሰፈሩ ሁሉ ይዘፍንበት ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመቱ እሷ "የሩሽዲ እናት" ናት፤ ከመቃብሯ ድንጋይ በቀር የትም ጽፏት አያውቅም።

ርዕስ ከሚለው ፊት ለፊት ጻፈ፦ "የቱሕፋ አብደልሐሊም ሰገነት፣ ባሕሪ።"

ብዕሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። ኡስታዝ ከጎኑ ባሕር ባሕሩን ያያሉ።

"ጻፍ እንጂ" አሉ አብላ ባሂጋ፣ "ስማቸው ጠፋህ?"

"አልጠፋኝም" አለ ሩሽዲ፤ ጎንበስ ብሎም "ልጅዋ" ብሎ ጻፈ። ብዕሩን ከድኖ ሥዕሉን፣ ለኡስታዝ ሳያሳይ፣ ለአብላ ባሂጋ አቀበላቸው።