የተቆለፈው ሽንት ቤት

የአራተኛ ክፍል መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «መብት» ብላ በትልቁ ጻፈች፤ ከሥሩም «ግዴታ» ብላ አከለችበት።

«እስቲ መብታችን የምትሉትን ንገሩኝ።»

«መማር!» «መጫወት!» «መታከም!»

«የቤት ሥራ አለመሥራት!» አለ ከመጨረሻው ረድፍ የክፍሉ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ለምኔ እጇን አወጣች። አፏ ከ«ለምን» ስለማይላቀቅ ነው ልጆቹ ይህን ስም ያወጡላት።

«ቲቸር፣ ሽንት መሽናትስ መብት ነው?»

እንደገና ተሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «የሴቶቹ ሽንት ቤት ከተቆለፈ ወር አልፎታል። እኔ ጠዋት ውሃ አልጠጣም። እሷም አትጠጣም» አለች፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ እያመለከተች። ጓደኛዋ አቀረቀረች።

መምህርቷ ፊቷ ጋለ። በዚያ በር ስታልፍ ስታገድም ወር ሙሉ ጓጉንቸሩን አይታዋለች። የመምህራኑ ሽንት ቤት ቁልፍ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«መብት ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን ተቆለፈ?»

«አጣርቼ ነገ እነግራችኋለሁ።»

በእረፍት ሰዓት በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ነበር።

«ወድጄ የቆለፍኩት መሰለሽ? ሦስቴ አስከፈትኩት፣ ሦስቴ ተደፈነ። ድንጋይ ወጣበት፣ ካልሲ ወጣበት፣ የፈተና ወረቀት ሳይቀር ወጣበት! ይልቅ ልጆቹን አታሳምጪብኝ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው ያስተማርኩት።»

«መጽሐፉ ላይ ያለው ለፈተና ነው።»

መምህርቷ ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች። «እንግዲያው የሴቶቹ እስኪከፈት ድረስ ልጆቹ የመምህራኑን ይጠቀማሉ። በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

እንዳለችውም አደረገች። የሒሳብ መምህሩ ተራ ሲጠብቅ እግሩን እያቀያየረ «ኧረ በፈጠረሽ፣ እኛስ?» ቢላት፣ «ይሰለፉ» አለችው። ሰውየው እያጉረመረመ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ኋላ ተሰለፈ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ያላትን ሳትቀንስ ሳትጨምር ለክፍሉ ነገረች። «ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ እንጻፍ» አሉ ልጆቹ። «እንለምናለን» ይሁን «እንጠይቃለን» በሚለው ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጨቁ፤ «እንጠይቃለን» አሸነፈ። ውሃ የሚያመላልስ፣ በሩን የሚጠብቅ፣ ቆሻሻ መጣያውን የሚደፋ ተረኛ ሁሉ በስም ተጻፈ። መምህርቷ ፊደል ከማረም በቀር እጇን አላስገባችም።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ለምኔ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ የፈተናው ወረቀት የእኔ ነው። ከአሥር ሁለት ነበር ያገኘሁት። እማዬ እንዳታየው ብዬ ከተትኩት።»

መምህርቷ ክው አለች። ዳይሬክተሩ ይህን ከሰማ ደብዳቤው አለቀለት ብላ አሰበች። «ዝም በይ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«ለዳይሬክተሩ እነግራቸዋለሁ። ብቻ አብረውኝ ይግቡ።»

አብረው ገቡ። ለምኔ ደብዳቤውን ሳትደናቀፍ አነበበች፤ ከዚያ የወረቀቱን ነገር ተናገረች። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«እንዲህ ነው እንዴ! በይ እንግዲህ ትቀጫለሽ።»

«እሺ፣ ልቀጣ። ሽንት ቤቱ ግን ይከፈታል?»

«ጭራሽ!»

«ቅጣቱ የእኔ ነው፤ ሽንት ቤቱ ግን የሁላችንም ነው።»

ዳይሬክተሩ መምህርቷን አየ። መምህርቷም እንደ እሱ ሁሉ ደንግጣ ነበር፤ በዓይኗም «እኔ በይ አላልኳትም» አለችው። ሰውየው ወረቀቱን ወስዶ የተረኞቹን ስም አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ሁለት ሳምንት ውሃ ታመላልሻለሽ» አላት። «ሰኞ ይከፈታል። ለሙከራ።»

«ለሙከራ አይደለም» አለች መምህርቷ።

«አንቺ ሰው፣ አትለቂኝም?»

«አልለቅዎትም።»

«እሺ፣ ይከፈታል አልኩ እኮ! ሂዱልኝ በቃ።»

ቅዳሜ ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ጠረገው፤ ሰኞ ጓጉንቸሩ ወለቀ። ለምኔ ባልዲዋን በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ ጫማዋን እያራሰች፣ ሁለት ሳምንቷን ጨረሰች። ልጆቹ ያወጡት ተራ አንዳንድ ቀን ይዘነጋል፤ ያን ጊዜ መምህርቷ ትቆጣለች፣ እነሱም ያኮርፋሉ። ሽንት ቤቱ በዚያው ዓመት እንደገና ተደፍኗል። ተረኞቹ በሩጫ መጥተው ተናገሩ፤ በዚያው ቀን ተጠረገ፤ ጓጉንቸሩን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።