በትንፋሽ መካከል

ማንኮራፋቱ የጀመረው አዋላጇ «ደሙ...» ብላ ሳትጨርስ ነው።

ማናይ ኮንሲንግ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገች። አልተሳሳተችም፤ ሰው ነው የሚያንኮራፋው፣ ከነፉጨቱ። አውሎ ነፋሱ ስልኩንም መብራቱንም ጠራርጎ ከወሰደ ወዲህ ለደሴቲቱ የቀረላት መገናኛ ይህ አንድ የአማተር ሬዲዮ ሞገድ ነበር፤ ለአደጋ ብቻ የተጠበቀ። ቪራክ ከተማ ተቀምጣ የምትጠብቀው ደግሞ እሷ ናት። ጠዋት አንድ ወጣት ከማኒላ በዚሁ ሞገድ ገብቶ ስለ እናቱ ሊጠይቅ ቢለምናት፣ «ልጄ፣ እዚህ ስለ ዘመድ አይጠየቅም፤ ሞገዱን ልቀቅ» ብላ መልሳዋለች። ልመናው እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም።

«ማነው ይሄ ከርከሮ?» አለ ሁለተኛውን ማዳመጫ አድርጎ ከጎኗ የቆመው ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር አሬናስ።

«ወንድሜ ነው።»

ታላቅ ወንድሟ ማኖይ ኢዶንግ ከተራራው ጎጆ ሆኖ የሩቆቹን መልእክት ያቀብል ነበር። አውሎ ነፋሱ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም። አሁን መናገሪያው ላይ ተደፍቶ፣ ቁልፉን በደረቱ ተጭኖ ተኝቷል። ልቡ ደካማ ነው። መንገዱን ናዳ ዘግቶታል፤ ሄዶ የሚቀሰቅሰው የለም። በሬዲዮ መጥራቱም ከንቱ ነው፤ ቁልፉ እንደተጫነ የእሱ ሬዲዮ ምንም አይቀበልም።

«አዋላጇን ወደ ሌላ ሞገድ ይውሰዷት እንጂ፣ ማናይ!»

«ፔሊንግ የምታውቀው ይሄን ብቻ ነው። ሬዲዮውን አስተካክሎ የሰጣት ወንድሜ ራሱ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትነካ አስምሎ።»

አዳመጠች። ኢዶንግ አየር ሲስብ ሁሉም ነገር ይዋጣል። ሲተነፍስም እንዲሁ። ከዚያ፣ ቀጣዩ እስኪመጣ፣ ትንሽ ጸጥታ አለ፤ በዚያች ጸጥታ ውስጥ የፔሊንግ ድምፅ ከሩቋ ጊግሞቶ ቀጥኖ ይሰማል። መናገሪያውን ለሐኪሙ ሰጠችው።

«ተንፍሶ ሲጨርስ ተናገር። አሳጥረው።»

«እንግዴ ልጁ ወጥቷል?»

ማንኮራፋት።

«ሙሉውን። ማህፀኗ ግን ልፍስፍስ...»

ማንኮራፋት።

«ማሸት ጀምሪ! አጥብቀሽ!»

ሐኪሙ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። «እንደዚህ እንዴት ይሠራል?»

«ሚስቱ ዕድሜ ልኳን የቻለችውን አንተ ለአንድ ከሰዓት አቃተህ?»

እሱ ሳቀ። እሷ ግን ለመሳቅም አቅም አልነበራትም።

ቀስ በቀስ ክፍተቱ ሰፋ። መጀመሪያ ደስ አላት፤ አሁን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገባበታል። ሐኪሙ ስለ ሁለተኛው የደም ማቆሚያ መርፌ ለፔሊንግ ሳይቋረጥ ነገራት። ከዚያ ማናይ ኮንሲንግ ለምን እንደሰፋ አሰበችና ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች።

አንዴ አንኮራፋ፤ ድምፁ የሳሳ ነበር። ሌላ አልተከተለም።

ሞገዱ ጠራ። ነቅቶ ቀና ብሎ ይሆናል። ባትሪው አልቆም ይሆናል። ነቅቶ ቢሆን እንኳ ሳይጠሩት አይናገርም፤ በአደጋ ሰዓት ያልተጠራ ዝም እንዲል ያስተማራት እሱ ነው። ስሙን ብቻ ብትጠራ ይበቃ ነበር።

«ቪራክ፣ ቪራክ» አለች ፔሊንግ፤ ድምፅዋ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። «ደሙ አልቆመም። ትሰሙኛላችሁ?»

ሐኪሙ አያት። መናገሪያውን ወደ እሷ ዘረጋ። «አንዴ ይጥሩት፣ ማናይ።»

ተቀብላው ቁልፉን ተጫነች።

«ጊግሞቶ፣ ሞገዱ ያንቺ ነው» አለች። «ቀጥይ።»

መናገሪያውን መለሰችለት፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቀችም።