የአንሶላው ጫፍ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ንፋሱ አላባራም። ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ከረሙ፤ ዓሣ የሚገዛ ጠፋ፤ በረዶ ቤቱ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ባሕሩ ግን ሥራ አልፈታም። የሞቱ ዶልፊኖችን በየዳርቻው ይተፋ ነበር።

ካራው ያን ክረምት ሥራ ያላጣው በእነሱ ሞት ነው። ዕድሜውን ቄራ ስለፈጀ ነው ካራው ያሉት። ጡረታ ሲወጣ በባሕር እንስሳት ገላ ውስጥ መርዝ የሚፈልግ ላቦራቶሪ ወሰደው። ዶልፊን ወድቆ ሲገኝ ይጠሩታል፤ ይከፍተዋል፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ እየቆረጠ ለዶክተሯ ያቀብላል። ስቡ ፌስታል አይነካም፤ የፌስታሉ ኬሚካል ምርመራውን ያበላሻል። በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀለላል፣ እንደ ስጦታ።

ሽታው አይለቅም። በሳሙና ቢሉት፣ በሎሚ ቢሉት፣ ጥፍር ሥር ገብቶ ይተኛል። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱም እንደ አውቶቡሱ ነው። ለአንድ ሰው መቀቀል አለመደም፤ ግማሹን ይደፋል።

ታላቅ እህት አለችው። ከወንዙ ማዶ፣ ባደጉበት ግቢ ትኖራለች። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች ነው ያሳደገችው፤ ዛሬም ታጥባለች። ሄዶ አይጠይቃትም። በሰው እጅ ገንዘብ ይልክላታል፤ እንዳለ በሰው እጅ ትመልስለታለች።

አንድ ቀን እናት ዶልፊንና ግልገሏ አብረው ወድቀው ተገኙ።

ዶክተሯ ገና ወጣት ናት። አፍንጫዋን አትሸፍንም፤ ለዚህ ይወዳታል።

«ጋሼ፣ ከትንሹ እንጀምር።»

ትንሹን ከፈተው። ሆዱ ውስጥ ከወተት በቀር ምንም የለም።

«ይሄ ከእናቱ ጡት ሌላ አያውቅም» አለ ካራው። «በምን ተመረዘ?»

«በእሱው። በወተቱ።»

ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ድሮ ፋብሪካዎች ወደ ባሕር የለቀቁት ነው» አለች። «እነሱ ከተዘጉ ቆዩ፤ ኬሚካሉ ግን አይበሰብስም። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፣ ትልቁን እሷ። በላብ አይወጣ፣ በሽንት አይወጣ፤ ስቧ ውስጥ ዕድሜ ልኳን ይጠራቀማል። ስታጠባ ስቧ እየቀለጠ ወደ ወተቱ ይገባል። አብዛኛውን በኩሯ ይጠጣላታል።»

«ከበኩሩ ቀጥሎ የሚወለደውስ?»

«ለሱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ሁለተኛ ልጅ ነኝ» አለ።

ዶክተሯ ሳቀች። እሱ አለመሳቁን ስታይ ተወችው።

ሥራውን ጨርሶ ቀደም ብሎ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ጠይቆ አያውቅም ነበር።

አባታቸው ሲሞት እናታቸው አልጋ ያዘች። አጠባው ለሁለቱ ልጆች ቀረ። እርጥብ አንሶላ ከባድ ነው፤ ለመጭመቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። አንድ ቀን ለቄራ ሠራተኛ የሚለቅም መኪና በር ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ጫፉን ያዢልኝ፤ መጣሁ» ብሏት ወጣ። ሙያ ያዘ፤ ሚስት አገባ። ወደ አንሶላው ግን አልተመለሰም። እሷ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችበትም። ብታነሳው ይቀለው ነበር።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። እህቱ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ናት።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሽታህ ቀድሞህ ገብቷል። ሬሳ አዝለህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«የሥራ ነው።»

«እንግዲያ ሥራህን በር ላይ አስቀምጠህ ግባ።» ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። «የቋጠርከው ነገር ካለ እንደቋጠርከው ይዘህ ተመለስ።»

«ባዶ እጄን ነኝ።»

«ተመስገን። በርጩማው እዚያ አለልህ።»

አልተቀመጠም። ከሳፋው አንሶላ አወጣች፤ አንዱን ጫፍ ከልብስ መስጫው ብረት ጋር አሰረችው፤ ሌላውን ይዛ በመላ ሰውነቷ ወደ ኋላ እየተለጠጠች ብቻዋን ማዞር ጀመረች። ካራው ብረቱን አየ። አንሶላው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቀለሙ የለም። ብረቱ ተፍቆ ተፍቆ ወገቡ ቀጥኗል፤ እንደ ብር ያበራል።

ሄዶ ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

«ኧረ አንተ ሰው! በዚያ እጅህ? ነጭ እኮ ነው!»

እጁን ሰበሰበ።

«በረኪናው የት ነው?»

በአገጯ አሳየችው። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ አሸ። የተሰነጠቀው ጣቱ ተቃጠለ፤ ዝም ብሎ አሸ። አለቀለቀ፤ አሸተተ፤ እንደገና አሸ። እሷ ጫፏን እንደያዘች ቆማ ታየዋለች፤ በቃህም አላለች፣ ጨምርም አላለች።

ቋጠሮውን ፈታና ጫፉን ያዘ። ማዞር ጀመረ፤ አንሶላው ግን እንዳለ አብሮ ዞረ፤ ጠብ ያለ ውኃ የለም።

«ወደ ቀኝ!» አለች። «ሁለታችንም ወደየቀኛችን! ወደ ግራ ካዞርክማ እኔን መከተል እንጂ መጭመቅ ሆነ እንዴ? ይሄንንም ረሳኸው?»

ወደ ቀኝ አዞረ። አንሶላው ጠበቀ፣ አጠረ፣ ሁለቱን አቀራረበ። ውኃው መሀላቸው ወረደ።

«ቆየህ» አለችው፣ ጫፏን ሳትለቅ።

«ቆየሁ፣ እትዬ።»

የተጨመቀውን ገመዱ ላይ ሰጣችው። ከሳፋው ሌላ አንሶላ አወጣች። ከልማዷ ወደ ብረቱ ሄደች፤ ደርሳ ቆመች፤ ተመለሰችና ጫፉን ለወንድሟ ሰጠችው።