ወደ ግራ

በሁለተኛው ዙር ሦስተኛው ቡጢ እንደገና እዚያው ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈ። ረጅሟ ተጋጣሚዋ መላውን አግኝታዋለች። ከቀኝ ትመጣለች፤ ኮፒ ወደ ግራ መውጣት ሲገባት ባለችበት ትገተራለች፤ ትመታለች።

ኮፒ የሚሏት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምትሠራ ነው። የስፖርት ክበቡ ልጆች ግን ሌላም ምክንያት አላቸው። ኪክ ቦክስ የተማረችው ከሰው ሳይሆን በቪአር መነጽር ውስጥ ከሚታይ፣ ከማይጨበጥ አሰልጣኝ እየቀዳች ነው። ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ መነጽሩን አጥልቃ ከአየር ጋር ስትደባደብ ኖራለች። ዛሬ ሦስት ዙር ቆማ ከጨረሰች ቡድኑ ውስጥ ትገባለች። ከወደቀች "ጌም ነው አላልንሽም?" ይሏታል፤ ከቡጢው ይልቅ የምትፈራው ይህን ነበር።

ደወሉ ሲደወል አሰልጣኙ ውሃ ይዞ ወደ ጥጓ መጣ። ቁጡ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልተቆጣም።

"በግራሽ በኩል ምን አለ?" አላት።

"ምንም የለም ጋሼ።"

"አንድም ጊዜ አልረገጥሽውም እኮ። ገደል ነው የሚመስለው። ቤት ስትለማመጂ በዚያ በኩል ምንድን ነው ያለው?"

የውሃውን ጠርሙስ መለሰችለት።

"አባቴ፤ አልጋ ላይ ነው" አለች።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። በቀኝ ቁም ሣጥን፣ በግራ የአባቷ አልጋ፣ መሃል ላይ እንደ ነገሩ የተረፈች ወለል። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከወሰደው ወዲህ ከአልጋው የሚነሳው በሰው ድጋፍ ነው። መነጽሩን በገዛች ሰሞን በእርግጫ ትከሻውን አግኝታው ነበር። ደንግጣ መነጽሩን ስትወረውር እሱ ሳቀ። "በሞተው በኩል ነው፤ አይቆጠርም" አላት። ሳቁ አላጽናናትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ብትረሳውም እግሯ አልረሳውም።

አሰልጣኙ "እዚህ የተኛ ሰው የለም" አላትና በገመዱ መሃል ሾልኮ ወረደ።

ሦስተኛው ዙር ጭንቅ ነበር። ረጅሟ ከቀኝ መጣች። ኮፒ ወደ ግራ ልትሄድ እግሯን ስታነሳ አባቷን የምትረግጠው መሰላት። እንደ ምንም ብላ ረገጠች። ቡጢው አየር ቀዝፎ አለፈ፤ የእሷ እግር ግን የረጅሟ ጎን ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ደጋግማ ወደ ግራ ሄደች። ተመታች፣ መታች፤ ደወሉ ሲደወል ቆማ ነበር።

"ገብተሻል" አላት አሰልጣኙ ጓንቷን እየፈታላት። "ያንን መነጽር ግን ቤት ውስጥ እንዳታጠልቂ። አሁን እግርሽ መንገዱን አውቋል፤ አባትሽን ትፈጂያቸዋለሽ።"

ቤት ስትደርስ አባቷ ጎረቤት ለምኖ መነጽሩን ቻርጅ አስደርጎ ጠበቃት። ማለፏን ስትነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ተጋጣሚዋን እንዴት እንደመታቻት እንድታሳየው ጠየቃት። ቴሌቪዥን እንኳ የማይወድ ሰው የእሷን ልምምድ ሳያይ አይተኛም።

መነጽሩን ሳታጠልቅ መሃል ላይ ቆመች። ስትለማመድ ሁልጊዜ ዓይኗ በመነጽሩ ስለሚሸፈን በዚህ ሰዓት ፊቱን አይታው አታውቅም። ከአልጋው ራቅ ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ ወደ ግራ አንድ እርግጫ ሰነዘረች።

የአባቷ ደህና እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ዘሎ ወጥቶ ፊቱን ሸፈነ።

ወዲያው አወረደውና ብርድ ልብሱን የሚያስተካክል መሰለ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?"

"ልማድ ነው። ዝም ብለሽ ቀጥዪ።"

"ለምን አልነገርከኝም አባዬ?"

"ብነግርሽ ትተዪው ነበራ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አፈረች፤ ደግሞም በማን እንደሆነ ሳታውቀው ተናደደች። ይህ ሰው በየምሽቱ እየፈራ ነው "በርቺ" ሲላት የኖረው። መነጽሩን ከቻርጁ ነቅላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ጎረቤታቸውን አናጢውንና ወንድሙን ጠራች። ነገ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው ደረጃውን እንዲያወርዱላት ለመነቻቸው።

"የት ልትወስጂኝ ነው?" አለ አባቷ።

"ክበብ። እኔ ስሠራ ዳር ላይ ሆነህ ታየኛለህ።"

ደህና እጁን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈ።

"ዳሩ ከሪንጉ ይርቃል?"

"ይርቃል አባዬ።"

"እንግዲያው ሸሚዜን ተኩሽልኝ" አለ።