የዌንደል ጠመንጃዎች

ሰው ሁሉ የሚበላው በአፉ ነው፤ ባሌ ሮይስ ግን የሚተዳደረውም በአፉ ነበር። ጠዋት ጠዋት በከተማችን ሬዲዮ ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ መንግሥት በማያገባው ስለሚገባበት ነገር ሁሉ ይናገራል። በዚህ በአሜሪካ፣ በሞንታና ዳርቻ ያለ ከብት አርቢ ሁሉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይሰማዋል። እኔም በአብዛኛው እስማማለሁ። ስለ ጠመንጃ ሲያነሳ ግን እንደ ሰባኪ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ድምፁን እቀንሰዋለሁ።

የአጋዘን አደን ወቅት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ዌንደል መጣ። ዌንደልና ሮይስ አብሮ አደግ ናቸው። በዚያው በጋ የዌንደልን ሚስት ሉአንን ቀብረን ነበር። መኪናውን ጋራዣችን በር ላይ አስጠግቶ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አወረደ። ሽጉጡንም ከወገቡ ፈቶ ጨመረ።

«በረዶው እስኪቀልጥ አስቀምጥልኝ» አለ።

«ምነው፣ ቤቱ ጠበበህ?» አለው ሮይስ፣ ቀልድ መስሎት።

«ቤቱስ ሰፍቶኛል።»

ሮይስ ሁለተኛ አልጠየቀም። ሁሉንም የመሣሪያ ካዝናው ውስጥ ቆለፈባቸው። እኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሐዘን የከበደው፣ ራሱን የፈራ ሰው መሣሪያውን ወዳጁ ቤት ያኖራል። ወዳጁም አይጠይቅም፣ ለማንም አያወራም። ፖሊስም ዳኛም አይሰማም። አባቴም አንድ ዓመት እንዲሁ አድርጎ ነበር።

በበረዶው መሃል፣ ራሱን ይጎዳል ተብሎ ከተፈራ ሰው ዳኛ መሣሪያውን ያስወስድ የሚል ሕግ ሊወጣ ነው ተባለ። ሮይስ በሬዲዮ ጦፈ። አንዲት ሴት ደውላ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰውየው ራሱ ወዶ ቢያስረክብስ?» አለችው።

«እመቤቴ» አለ ሮይስ፣ «መሣሪያውን በገዛ እጁ የሚያስረክብ ወንድ፣ ሱሪውንም አብሮ ያስረክብ!»

እኔ ሳህን እያጠብኩ ደርቄ ቀረሁ። የዌንደልን ነገር እንደረሳው አውቃለሁ፤ አፉ ሲሞቅ እናቱንም ይረሳል። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ሮይስ ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ዌንደል ደረሰ። ሸሚዙ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«ጠመንጃዎቼን።»

«ዌንደል፣ ወንድሜ፣ አንተን ማለቴ አልነበረም…»

«ማንን ነበር? ሱሪዬን ላውልቅልህ ወይስ ታመጣለህ?»

«በረዶው እስኪቀልጥ ነው ያልከኝ።»

«አሁን ደግሞ ስጠኝ አልኩህ። የነጻ ሰው ንብረት እያልክ በየጠዋቱ ጆሯችንን የምታደነቁረው ምኑን ነው?»

ሮይስ ዞሮ አየኝ። ራሴን በእንቢታ ነቀነቅኩለት። የካዝናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና፣ «አልሰጥህም» አለው።

«ታዲያ አንተ ከነዚያ ከምትሰድባቸው ዳኞች በምን ተሻልክ?»

ይህን ብሎ ወጣ። ዌንደልን እስከ መኪናው ተከትዬ፣ «ምሳ ብላና ሂድ» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺ ደግ ሴት ነሽ፣ ዶሪን። ያንን ለፍላፊ ግን ከእንግዲህ አላውቀውም» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ሬዲዮኑ ላይ ደወለ። ድምፁን አወቅኩት፤ ዌንደል ነው።

«ሮይስ፣ ባለቤቱ ጠይቆህ የከለከልከው ጠመንጃ ቤትህ አለ ወይስ የለም?»

የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

«አለ።»

«በምን ሥልጣን?»

ሰውየው ራሱን ፈርቶ ነው ያመጣልኝ ቢል ከተማው ሁሉ ያመሰግነው ነበር። «በምንም» አለ ሮይስ። «ከለከልኩት፣ በቃ።»

ከዚያ በኋላ ስድቡ ዘነበ። ግብዝ አሉት፣ ሌባ አሉት። ጎማ ነጋዴው ማስታወቂያውን አነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ተዘጋ። እኔ እውነቱን ላወራ አሰፍስፌ ነበር፤ «ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለኝ። ያቺን የሱሪ ነገር ባይናገር ኖሮ፣ እያልኩ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል። ሕግም ዳኛም ያልገባበትን የእኛን ደግ ነገር ያበላሸው ሌላ ማንም አይደለም፣ የኔው ባል አፍ ነው።

በረዶው ሲቀልጥ የዌንደል ታላቅ ወንድም አብሮት ሊኖር መጣ። ጠመንጃዎቹን የወሰደውም እሱ ነው፤ ሮይስ በእጁ አስረከበው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዌንደልን በር ላይ አገኘነው። ጸጉሩን ተከርክሟል፤ ከወንድሙ ጋር እየተሳሳቀ ነበር። ሮይስ እጁን ዘረጋለት። ዌንደል ሳቁን አቋርጦ በጎኑ አለፈ።

መኪናችን ውስጥ ስንገባ ሮይስ ሞተሩን ሳያስነሳ ዌንደልን በመስታወቱ አየው።

«ወፍሯል፣ አይደል?» አለኝ።

«ወፍሯል» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንባውን ጠረገ።